የእትዬ ብርቄ ጾም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ሳትሰማው ሞተች። ለባሌ አልነገርኩትም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ፊታቸው እቀመጥላቸው ለነበሩት የንስሐ አባቴ፣ ለአባ ተክሌም አልነገርኳቸውም። ከሰው ሁሉ አስቀድሜ መንገር የነበረብኝ ለእሳቸው ነበር፤ የእኔን ጥፋት ተሸክመው ከዚህ ከተማ የወጡት እሳቸው ናቸውና። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልናገር ነው። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል። ፈሪ ናት ብትሉኝ አልከራከርም።

የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ነው፤ አያቴ በባቡሩ ዘመን መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ሥራዬ ከሕመምተኛ የተወሰደ ሥጋን ሰም ውስጥ ማስቀመጥ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስቶ መቁረጥ፣ ቀለም ውስጥ ነክሮ መስታወት ላይ ማንጠፍና ለሐኪሙ ማቅረብ ነው። በሽታው ምን እንደሆነ የሚናገረው ሐኪሙ ነው። እኔ ቆራጭ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያለ ነገር አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሴቶቹ ሁሉ “ዶክተር” እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። ዶክተር አይደለሁም ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላረምኳቸውም። መጀመሪያ አፍሬ ዝም አልኩ፤ ቀጥሎ ለመድኩት፤ ኋላማ ሳይሉኝ ሲቀሩ ቅር ይለኝ ጀመር። የጥፋቴ ሥር ይህ ነው፣ ሌላ ቦታ አትፈልጉት።

እትዬ ብርቄ የእናቴ ጓደኛ ነበረች። ሄሮን በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር፣ ከአንድ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ቤት እያደረች ታበስላለች። አርብ አርብ ዕረፍቷ ስለሆነ ካርቲየ 3 ሰፈር ወደሚገኘው ቤታችን መጥታ ትውላለች። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ታላቅ እህት አንቺ እያልኩ ነው የጠራኋት። ሳቂታ ሴት ነበረች፤ በራሷ ላይ መቀለድ ትወድ ነበር። አንድ ጊዜ ለጎረቤታችን ልጅ ሰርግ እንደሌሎቹ ሴቶች እግሯን ሂና ተቀባች። ሂናው ከወር በኋላ ሲለቅ፣ ተረከዟ ላይ አንድ ጥቁር ቦታ ብቻ ሳይለቅ ቀረ። “ያቺ ሶማሌ ጥሩ ሂና ነው የቀባችኝ” እያለች ስትስቅ፣ እኛም አብረናት ሳቅን። ያቺ ጥቁር ነገር ከሂናው በፊትም እዚያው እንደነበረች፣ ሂናው የደበቃት እንጂ የሠራት እንዳልሆነ ለማስተዋል ወራት ፈጀብን። በመጨረሻ ጠርዟ ሲጎረብጥ እኔው ይዣት ሄድኩ። ከተረከዟ ትንሽ ቆርጠው ወሰዱ። ያቺን ቁራጭ ሰም ውስጥ ያስቀመጥኳትም፣ የቆረጥኳትም እኔ ነኝ።

ሐኪሙ አይቶ ሜላኖማ ነው አለ። ከቆዳ ካንሰሮች ክፉው ነው። እንደ እኛ ጠቆር ያለ ሰው ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ፀሐይ የማያየው ቦታ ላይ ነው፤ ውስጥ እግር፣ ተረከዝ፣ መዳፍ። ከሁለት ሳምንት ሳያልፍ ይቆረጥ፣ ዙሪያውም ሰፋ ተደርጎ ይነሣ ብሎ ጻፈ። አስቸኳይ የሚለውን ቃል ከሥሩ አሰመረበት። ወረቀቱን አንብቤ ለእትዬ ብርቄ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ያን ቀን በትክክል ነበር የነገርኳት፤ ለዚያች አንድ ቀን ያህል ሐቀኛ ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ስለዚህ በሽታ ትምህርት ሰጠን። ዝም ያለ ሰው ነው፤ ሲያስተምር ግን ፊቱ ይበራል። የጀመረው ቀትር ላይ ነበር። መጀመሪያ ያስረዳን በበቀሉበት ቦታ፣ እዚያው ቆዳ ላይ፣ ስላሉት የካንሰር ሕዋሳት ነበር። እነዚህ ስኳር ይወዳሉ አለ፤ ከጤነኛው ሕዋስ እጥፍ ድርብ ይሻማሉ፤ በወጉ ሳያቃጥሉት በጥድፊያ ይውጡታል። ስዕሉን እያሳየን፣ የሚበሉትን ካወቅን እነሱን ማወቅ ጀመርን ማለት ነው አለን። ከዚያ፣ “አሁን ደግሞ ከቤታቸው ወጥተው ስለሄዱት” ብሎ ሌላ ስዕል ሊያወጣ ሲል ከመንገድ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ጫቱ ገባ። ይህን ከተማ የሚያውቅ ሰው ከዚህ በኋላ የሆነውን ያውቀዋል። ወንዶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ፤ ከሃያ ሰው አምስት አልቀረም። እኔ ጫት አልቅምም። ግን በማግስቱ ጾሙ ሊገባ ስለነበር ምስርና ሽሮ ልገዛ አሰብኩና ከወንዶቹ ጋር ተከትዬ ወጣሁ። ሐኪሙ ዓይኑን አንሥቶ ሲያየኝ አይቻለሁ። ሁለተኛውን ግማሽ ሳልሰማ ሄድኩ።

ማዕከላዊ ገበያ ስደርስ እትዬ ብርቄ ለማዳም፣ ለፈረንሳዊቷ አሠሪዋ፣ አትክልት እየመረጠች ነበር። ጫት ሻጮቹ እርጥብ ጆንያቸውን ገና እየፈቱ ነው፤ ግፊያው ሌላ ነው። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ሌሊት እንቅልፍ እንደሌላት፣ ቢላዋው እንደሚያስፈራት፣ ተረከዟን ከቆረጡት በኋላ ምድጃ ፊት መቆም ካቃታት ማዳም ሌላ እንደምትቀጥር ነገረችኝ። ከዚያ እየተለማመጠች፣ ቢያንስ ጾሙን ጾሜ ከፋሲካ በኋላ ቢሆንስ ብላ ጠየቀችኝ። አጠገባችን ቲማቲም የምትመርጥ አንዲት የማኅበራችን ሴት አንገቷን አስግጋ ታዳምጣለች። ሁለቱም አፌን ይጠብቃሉ።

“እሱ የሚበላው ስኳር ነው” አልኳት። “ስኳሩን ካስቀረሽበት ይራባል። ጾሙ ራሱ ያዳክምልሻል፤ ከፋሲካ በኋላ ይቆረጣል።”

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ አላለም፣ መጽሐፍ አላለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት። አስቸኳይ የሚለው ቃል የተሰመረበትን ወረቀት በእጄ ይዤ ያነበብኩት እኔ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት በሰማሁት ግማሽ ትምህርት ወረቀቱን ሻርኩት። ለምን? እሷን ከፍርሃቷ ላሳርፋት ብዬ ነበር ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ግን እናንተም ሳትገምቱት አልቀራችሁም። ያቺ ቲማቲም የምትመርጠው ሴት ጭንቅላቷን እየነቀነቀች፣ መማር ደጉ ስትል ሰማኋት፤ ደስ አለኝ። በእትዬ ብርቄ ሕይወት የገዛሁት ይህንን ነበር።

ማቆም የምችልበት ሌላ ዕድል መጣልኝ። አባ ተክሌ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ። እሳቸው የእትዬ ብርቄም የንስሐ አባት ነበሩ። የታመመ ሰው በንስሐ አባቱ ፈቃድ ከጾም እንደሚያርፍ ታውቃላችሁ፤ አባ ተክሌም ገና ሳትጠይቃቸው አትጾሚም ብለዋት ነበር።

“እኔ ብዪ ነው ያልኳት” አሉኝ። “እሷ ግን ጾሙ ለበሽታው እንደሚበጃት ከአንቺ ሰማሁ አለችኝ። የሐኪም ቃል ነው፣ ልጄ?”

“አዎ፣ አባ” አልኩ።

ሁለት ቃል። እሳቸው ያመኑት እኔን ሳይሆን ሐኪሙን ነበር፤ እኔ የሐኪሙን ስም ሰርቄ ሰጠኋቸው። ወዲያው ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ወደ እሷ ሄዱና፣ ጹሚ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ ብለው በመስቀላቸው ባረኳት። ሴቶቹ የሰሙት ይህንን ነው። የእኔን አዎ የሰማ ከአባ ተክሌ በቀር አልነበረም።

እትዬ ብርቄ እንደዚያ ዓመት ጾማ አታውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም። ስኳር አቆመች፣ ተምር አቆመች፣ ዳቦም ይቅርብኝ አለች። አርብ ስትመጣ ተረከዟን በክር እለካላት ነበር። እስቲ ይህን አስቡት፤ አንዲት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ካንሰር በስፌት ክር ስትለካ። ክሩ ላይ ቋጠሮ አድርጌ ከሳምንት ሳምንት አስተያያለሁ። አልሰፋም፣ ቆሟል እላታለሁ። እሷም ፊቷ ከስቶ፣ ጉንጯ ገብቶ፣ “ርቦታል ማለት ነው” እያለች ትስቃለች። እናቴ ሳይቀር እልል አለች። ሁላችንም ተረከዙን ከበን ስንጠብቅ፣ የምንጠብቀው ነገር ከዚያ ወጥቶ ሄዶ ነበር።

ፋሲካ አልፎ በሳምንቱ፣ ብሽሽቷ ላይ ሽምብራ የሚያህል ንፍፊት ወጣ። ለቀዶ ሕክምናው ስትቀርብ ደሟ አንሷል፣ ሰውነቷ ተጎድቷል፣ ማደንዘዣውን አትችለውም ብለው እንድትጠነክር መለሷት። ጾሙ ከወሰደብን ጊዜ ሌላ፣ ጾሙ ያደከመው ሰውነት ደግሞ ሌላ አንድ ወር ወሰደ። በመጨረሻ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። ንፍፊቱም በብልቃጥ ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። እሱንም የቆረጥኩት እኔው ነኝ፤ ሦስት መስታወት አበላሸሁ።

ሐኪሙ በማይክሮስኮፑ ሲያይ ቆየና ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። አየሁ። ከተረከዟ ላይ የቆረጥኳቸው እነዚያው ሕዋሳት ብሽሽቷ ውስጥ ተቀምጠዋል። “ያን ቀን ሳትሰሚው የሄድሽው ይህንን ነበር” አለኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ሕመምተኛዋ ለእኔ ማን እንደሆነች አያውቅም ነበር። ከዚያ የቀረውን ግማሽ ለእኔ ለብቻዬ አስተማረኝ።

ከበቀሉበት ቦታ የወጡት እንደ ፊተኞቹ አይኖሩም አለ። በመንገድ ላይ አብዛኞቹ ያልቃሉ፤ ደሙ ውስጥ ያለው ኑሮ አይስማማቸውም። ያለፉት አመጋገባቸውን የለወጡት ናቸው። አንዳንዱ ስብ ይበላል፣ አንዳንዱ ሌላው ሕዋስ የጣለውን ለቅሞ ያቃጥላል፣ ስኳሩንም ሲያገኝ አይተውም፤ ባረፈበት ሰውነት ክፍል ያገኘውን መብላት የለመደ ነው የሚሰነብተው። ይህን ሲል አያቴ ትዝ አለኝ። ሽሮና ጥሬ እየበላ ያደገ ሰው፣ እዚህ መጥቶ ሩዝና ዓሣ ለመደና ዘጠና ዓመት ኖረ።

“ስኳር ብንከለክላቸውስ?” አልኩት።

“ሰዪቱን ታስርቢያታለሽ እንጂ እነሱን አታስርቢም” አለ። ሰው ቢጾምም ሰውነቱ ከጉበቱ፣ ከጡንቻው ስኳር እየሠራ ደሙ ውስጥ ያስገባል፤ ቆዳ ላይ ያሉትም ቢሆኑ ሁልጊዜ ማዕዳቸው አይጎድልም፤ በጾም ከዚህ በሽታ የዳነ ሰው አላየሁም አለኝ። እንግዲህ ግማሹን ትምህርት አልሰማሁም ብዬ የማመካኘው እንኳ አልቀረልኝም። የሰማሁትንም ግማሽ ቢሆን አልተረዳሁትም ነበር።

ያን ቀን ለምን አልተናገርኩም? ለምን እየሮጥኩ ሄሮን አልሄድኩም? በየቀኑ ነገ እያልኩ ነበር። ነገ ስል እሷ ሄሮንን ለቃ፣ እኛው ቤት ከእናቴ አልጋ ጎን ተኛች። ማዳም ጥሩ ሴት ናት፣ ሁለት ጊዜ መጥታ ጠይቃታለች። በሽታው ሳንባዋ ገባ። ከአጠገቧ ስቀመጥ አሁንም ዶክተር ነበር የምትለኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ወጣ ስትል እጄን ስባ ወደ አፏ አስጠጋችኝ። ለአባ ተክሌ ያልነገርኩት ነገር አለ፣ ለአንቺ ልናገር አለች። በሁዳዴው አጋማሽ፣ ማዳም ለልጇ ልደት ኬክ ስታሠራት ክሬሙ ይጣፍጥ አይጣፍጥ ማወቅ ነበረባት። አብሳይ ናት፤ ሳትቀምስ አታቀርብም። በጣቷ ጫፍ ቀመሰች።

“ያ ነው የቀለበው አይደል?” አለችኝ። “አንቺ ከልክለሽኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ።”

እኔ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ አልኳት። ይቅር አልኳት። ግንባሯን ስሜ፣ ላቧን ጠርጌ፣ እንደ ካህን ፈትቼ አስተኛኋት። በሠራሁት ሁሉ ላይ ይህንን ጨመርኩበት። እሷም ተመስገን ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

የሞተችው ከዚያ በኋላ በአራተኛው ወር ነው። ወንድሟ ታደሰ ከድሬዳዋ መጣ። በሠልስቱ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ባለበት፣ አባ ተክሌ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ ተነሥቶ ጣቱን ቀሰረባቸው። እህቴን የገደላት ይህ ቄስ ነው አለ። ሐኪም ቁረጡ ሲል በጾም አስሮ አስቀራት አለ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ጹሚ ሲሏት በጆሯቸው ሰምተዋልና። እኔ በዚያ ሰዓት ትሪ ይዤ ለእንግዶቹ ሻይ እያደልኩ ነበር። ስኳር ስንት ላድርግ እያልኩ።

አባ ተክሌ አንድ ጊዜ አዩኝ። አንዲት ቃል ቢሉ ይበቃ ነበር፤ እሷን ጠይቋት ቢሉ። አላሉም። መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ አብሰው ተቀመጡ። እኔም ወደሚቀጥለው ሰው ዞሬ ስኳር ስንት አልኩ።

ከዚያ በኋላ የታመመ ሰው ያለበት ቤት አባ ተክሌን መጥራት ተወ። ከኋላቸው ይንሾካሾኩ ነበር። የሰበካው ሽማግሌዎች ሌላ ካህን ይላክልን ብለው ጻፉ። ያም እስኪሆን ሦስት ሁዳዴ አለፈ፤ በሦስቱም ለንስሐ ፊታቸው ቀረብኩ። ከባሌ ጋር መጨቃጨቄን እናገራለሁ፤ ሐሜቴን፣ ስንፍናዬን እናገራለሁ። ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ “ሌላስ፣ ልጄ?” ይሉኛል። ከዚያ ይጠብቃሉ፤ ረጅም ጊዜ ይጠብቃሉ። ሌላ የለም፣ አባ እላለሁ። እግዚአብሔር ይፍታሽ ይሉኛል።

ሲሄዱ የሸኘናቸው አራት ሰዎች ብቻ ነበርን። አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ አንዲት ሻንጣና አንድ የመጽሐፍ ከረጢት ነበራቸው። መስቀል ስሳለም ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ “ሌላስ?” አሉኝ። ባቡሩ ሊነሣ ነበር። በሰላም ይግቡ፣ አባ አልኳቸው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። ሐኪሙ አንድ ጊዜ፣ እንዲህ ያለው በሽታ ገና ተረከዝ ላይ ሲታይ ቀድሞ ሄዶ ሊሆን ይችላል፣ በሁለት ሳምንት ቢቆረጥም ሕመምተኛው ላይተርፍ ይችላል ብሎኛል። ምናልባት። በዚህ ምናልባት ላይ ተደግፌ ዓመታት ተኛሁ። እናንተም ልታጽናኑኝ ብትፈልጉ ይህንኑ ታነሡልኛላችሁ። እባካችሁ አታንሡት። እኔ በዚያ ገበያ ቆሜ ስናገር ምናልባት የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ አውቃለሁ ብዬ ነው የተናገርኩት።

ከእናንተ ሌላ ለሚያውቁኝም ይህን ጽሑፍ በሁለት ቅጂ አድርጌዋለሁ። አንዱን ድሬዳዋ ለታደሰ ልኬያለሁ። ሁለተኛውን ለሰበካው ሽማግሌዎች ሰጥቻለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ባሉበት ይነበባል፣ እኔም እቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ዶክተር የሚለኝ አይኖርም። አባ ተክሌም ባሉበት ሆነው ይሰሙታል፤ ስማቸው ይመለስላቸዋል። ይቅር ይሉኝ እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ፤ እኔ በዚህ ወረቀት አልለምናቸውም።

ለእትዬ ብርቄ ግን የምልከው ወረቀት የለኝም። እሷ እኔን አምና፣ ራሷን ጥፋተኛ አድርጋ ነው የሞተችው። የቀመሰችው ግን በጣት ጫፍ ክሬም ነበር፤ ምንም አላደረገም። ይህንን ልነግራት አራት ወር ሙሉ ጊዜ ነበረኝ።